ይሉኝታና የስኳር ሕመም

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጣፋጭ ነገር መቀነስ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በገዛ ቤቱም ይጠነቀቃል። ፈተናው የሚመጣው ለቡና ሲጠራ ነው። የቤቱ እመቤት ስኳር የተጨመረበትን ሲኒ ስታቀርብለት «አልጠጣም ብላት ይከፋታል» የሚል አሳብ ይቀድመዋል። «በሞቴ» ከተባለማ እምቢታው እንደ ንቀት የሚቆጠርበት ይመስለዋል። ስለዚህ የሚጠጣው አምሮት አሸንፎት ሳይሆን የእርሷን ቅያሜ አስቀድሞ በአሳቡ ስላየ ነው። በየሲኒው 2 ማንኪያ ስኳር ቢጨመር፣ ከአቦል እስከ በረካ 6 ማንኪያ ይሆናል።

ከኢትዮጵያ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ሕመም ወደ እስራኤል በገቡበት ጊዜ እምብዛም አይታይም ነበር፤ ምግቡና አኗኗሩ ከተለወጠ በኋላ ግን በዝቶ ተገኝቷል። ችላ ከተባለ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ይጎዳል።

ይሉኝታ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰውን ከሰው ጋር የሚያኖር ነው። የሚበጀው የጋባዥዎን ስሜት ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ነው። በዋዜማው «ሐኪም ስኳር ከልክሎኛል፤ ቡናሽን ግን ያለ ስኳር እጠጣለሁ» ብለው ይላኩባት። ሲኒው ከቀረበ በኋላ የሚነገር ቃል እምቢታ ነው፤ አስቀድሞ የተነገረ ግን ልመና ነው። ብዙ ጊዜም እርሷው ራሷ ጠባቂ ትሆንልዎታለች። ለልጅ ልጅዎም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አብረው በእግር ለመሄድ ቃል ይግቡለት፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሕፃን እንዳያዝን ሲሉ በሰነፉበት ቀን እንኳ ይነሣሉ።

ከሁሉ የሚከፋው በኩፓት ሖሊም የሚታየው ይሉኝታ ነው። «ሐኪሙ ይቆጣኛል» ብለው ያልዋጡትን ኪኒን ዋጥሁ የሚሉ አሉ። ሐኪሙም መድኃኒቱ ያልበቃ መስሎት መጠኑን ሊጨምር ይችላል። በሽተኛው ከዚያ በኋላ የታዘዘውን ሁሉ የወሰደ ዕለት፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ያልበው፣ ያንቀጠቅጠው፣ ራሱንም ያስተው ይሆናል። ከምርመራ በፊት ሁለት ቀን ብቻ መጠንቀቅም አይረዳም፤ ያለፉትን 3 ወራት ያህል የስኳር መጠን የሚገልጥ የደም ምርመራ አለና።

ስለዚህ ለነርሷ «በዚህ ሳምንት 3 ቀን አልዋጥሁም» ብለው በግልጽ ይንገሯት። ዕብራይስጥ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዲገኝልዎ ይጠይቁ። ልጅዎ ባያስተረጉም ይመረጣል፤ ወላጅ ድካሙን በልጁ ፊት መናገር አይወድምና።