ጠባብ ተሳቢ ረክሻ እንዲጭን ሲሰፋ

ካርቱም የኖረ ሰው ረክሻን ያውቃታል። አገራችን ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግሯ ናት። ከጦርነቱ በፊት በካላክላ፣ በተለይ ላፋ በሚባለው በኩል፣ ሰውን ከአስፋልት ወደ ውስጥ ሰፈር የምታስገባው እሷ ነበረች። ሐበሻውም ነድቶ፣ አከራይቶ፣ ጠግኖ የኖረባት አለ። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው ንብረቱን ጥሎ ወጣ። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ደግሞ፣ ከሚመለሰው መካከል የቆመች ረክሻውን ጭኖ ጋራዥ ማድረስ የሚፈልግ አይጠፋም። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ይህንኑ ጭነት ነው፤ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜም ይሆናል።

ችግሩ የ20 ሳንቲ ሜትር ነው። በየብየዳ ቤቱ የሚሠሩት ባለ ሁለት ጎማ ትናንሽ ተሳቢዎች የታሰቡት ለጆንያ፣ ለጡብና ለበርሜል ነው፤ ወለላቸው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይቀመጣል። ለምሳሌ ወለሉ 1 ሜትር ከ10 የሆነ ተሳቢ እንውሰድ። የረክሻ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ገደማ፣ ርዝመቷ ደግሞ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። አትገባም።

ሰው ቶሎ የሚመጣለት መላ ወለሉን ከጎማው በላይ ማንሳት ነው። አጫጭር ቱቦላሬ ይበየዳል፣ ላሜራ ይነጠፋል፣ አለቀ። ርካሽ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። እኔ ግን ይህን ዘዴ አልወደውም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

አንድ ዕቃ የሚገለበጠው ከስበት ማዕከሉ ቁልቁል የምትወርደው መስመር ከጎማው ውጭ ስትወድቅ ነው። የተሳቢያችን ጎማ ከጎማ (ከመሐል እስከ መሐል) 1 ሜትር ከ30 ቢሆን፣ ግማሹ 65 ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ከመሬት 40፣ የረክሻዋ ስበት ማዕከል ደግሞ ከወለሉ 50 ከፍ ቢል፣ ጠቅላላ ከፍታው 90 ሆነ። 65ን ለ90 ስናካፍል 0.72 ይመጣል፤ ይህ የ36 ዲግሪ ታንጀንት ነው። ወለሉን ከጎማው በላይ ወደ 70 ስናነሳው ከፍታው 120 ይሆናል፤ 65 ሲካፈል ለ120፣ 0.54፤ አሁን 28 ዲግሪ ብቻ ቀረን። ጎማዎቹን ወደ ውጭ አውጥተን 1 ሜትር ከ60 ብናደርጋቸውና ወለሉ 40 ላይ ቢቀር ግን 80 ለ90፣ 42 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የተሳቢውን የራሱን ክብደት ለጊዜው ትተነዋል።

28 ዲግሪ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በክረምት አንዱ ጎማ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሰስ ውስጥ ሲገባ ወዲያው 13 ዲግሪ ያዘነብላል። የቀረውን ኩርባው ይበላዋል። በካላክላ ሳለሁ እንዲህ የተነሳ ተሳቢ ከነረክሻው ፈሰስ ዳር ተገልብጦ አይቻለሁ። ሰው አልተጎዳም፤ የረክሻዋ ጣሪያና የፊት መስታወት ግን አልተረፈም፣ ባለቤቷም ሳምንታት ሙሉ ያለ ሥራ ቆመ። መምህራን ይህንን በካርቶን ሣጥን፣ በጣውላና በፕሮትራክተር ክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላሉ። ጣውላውን ቀስ እያሉ ማንሳትና ሣጥኑ የሚወድቅበትን ዲግሪ ማንበብ ነው።

ስለዚህ አክስሉ ይርዘም። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ተሳቢውና ጭነቱ በድምሩ 550 ኪሎ ቢሆኑ በእያንዳንዱ ጎማ 275 ኪሎ ይደርሳል። አክስሉን የሚያጎብጠው ይህ ክብደት ከባሌስትራው እስከ ጎማው ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ርቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር ከነበረ 3,300 ይሆናል። በሁለቱም በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ጨምረን ባሌስትራውን የነበረበት ከተውነው ግን ርቀቱ 27፣ ውጤቱ 7,425 ነው። አንድ ኪሎ ሳንጨምር ጫናው ከእጥፍ በላይ አደገ! መፍትሔው ባሌስትራውንም አብሮ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ለዚያም ሻንሲውን በአግዳሚ ብረት ማስፋት ነው። (ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ፓራፋንጎ፣ እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ሱዳን ጋራዥ ገብታችሁ ብትናገሯቸው ግን የሚገባው የለም፣ ዓረብኛውን ልመዱ።)

ሌላው የብየዳው ነገር ነው። ብዙ ቦታ አክስሉን መሐሉ ላይ ቆርጠው ቁራጭ ብረት ይቀጥሉበታል። በሁለቱ ባሌስትራዎች መካከል ያለው አክስል ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚጎብጥ ነው፤ መሐሉ የሚያርፍ ቦታ አይደለም። ጫፍ ለጫፍ የተበየደ አክስል ጉድጓድ ሲመታ እዚያው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሰፋ መኪና የወጣ ሙሉ አክስል መፈለግ ይሻላል። ካልተገኘ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ እንደ እጅጌ ወፍራም ቱቦ አልብሶ የቱቦውን ጫፎች መበየድ ነው። በያጁ «አይ ምንም አይሆንም» ካለ ሌላ በያጅ ፈልጉ።

ተሳቢው ሰፋ እንበል። ረክሻዋ በየት በኩል ትግባ? የረክሻ ሞተር ከኋላ ነው፤ ባዶዋን ስትሆን ከክብደቷ ሁለት ሦስተኛው በኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው ብለን እንገምት። ወለሉ 3 ሜትር፣ አክስሉ መሐል ላይ ይሁን። ረክሻዋ በፊቷ ከገባች ክብደቷ ከአክስሉ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያርፋል፤ ተሳቢው የሚጎትተውን መኪና ጋንቾ ወደ ላይ ያነሳል፣ ፍጥነት ሲጨምርም እንደ ጅራት ይወዛወዛል። በጀርባዋ ከገባች ግን ወደ 48 ሳንቲ ሜትር ከአክስሉ ፊት ታርፋለች። ረክሻዋ 350 ኪሎ፣ ከአክስሉ እስከ ጋንቾው 2 ሜትር ከ70 ቢሆን፣ ጋንቾው ላይ 62 ኪሎ ይመጣል፤ ይህ ከጠቅላላው 11 በመቶ ነው። የሚፈለገውም ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ተማሪዎች ማስመሪያና ላጲስ ይዛችሁ ሞክሩት።

መወጣጫውን በሚመለከት፣ ለመኪና ሁለት ጣውላ ይበቃል፤ ረክሻ ግን አንዷ ጎማ መሐል ላይ ስለሆነች ሦስተኛ ጣውላ ያስፈልጋል፣ የተሳቢው መሐልም ክፍት መሆን የለበትም። ሲታሰር ደግሞ ገመዱ ሻንሲዋን እንጂ የጣሪያውን ቱቦ አይያዝ፤ ቱቦው ይጎብጣል። ከተሰፋ በኋላ የተሳቢው ጠቅላላ ወርድ ወደ 1 ሜትር ከ80 ስለሚጠጋ ከአንዳንድ መኪና ይሰፋል፣ ሾፌሩም ጎማውን በመስታወት ላያየው ይችላል። አራቱም ማዕዘን ላይ አንጸባራቂ ይለጠፍ፤ በሌሊት ከሆነ ከኋላ ቀይ መብራት ሳይኖር አይንቀሳቀስ።