ሊብሬውን ግዙ፣ ቀሪውን መርካቶ ይሠራዋል

መርካቶ ውስጥ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ ወይም በቶርኖ ተቆርጦ የማይወጣ ዕቃ የለም፤ ከሊብሬ በቀር። እሱንም እናሠራለን የሚሉ ደላሎች አልጠፉም። እኔ ግን በጡረታ ዘመኔ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ስለማልሻ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። አሮጌ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ተሞርዶ ካገኛችሁት ዋጋው ምንም ቢረክስ ትታችሁ ሂዱ።

የገዛኋት ቬስፓ ስፕሪንት ናት፣ ባለ 150። በጉልምስናዬ የአጎቴን ቬስፓ ስነዳ ኖሬ፣ ትዳርና ልጆች ሲመጡ ወረድኩ፤ ጡረታ ስወጣ አሮጌው አመሌ አገረሸ። ሻጩ አዲስ አበባ ግቢው ጥግ በሸራ ሸፍኗት ነበር። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል ሻጩ እንዳቆማት እዚያው ቀረች። የምኖረው ቢሾፍቱ ስለሆነ እኔን ይህ ብዙም አላሳሰበኝም። መርካቶ ትታከማለች፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭና ትወጣለች።

ቬስፓን እ.ኤ.አ. በ1946 ለጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ሞተር ሳይክል አይወድም ነበርና ሱሪ የሚያበላሸውን ሰንሰለት አስቀረ፣ ሞተሩን በክዳን ሸፈነ፣ የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ አሰራት። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው። ቬስፓ እንደ ሌሎቹ በቱቦ አጽም ላይ አልተገጣጠመችም፤ ላሜራዋ ራሱ አጽሟ ነው። እግር የሚያርፍበት ወለል በዝገት ከተበላ ጉዳዩ የመልክ ሳይሆን የደህንነት ነው። ሻጮች ደግሞ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው፣ አሳምረው ያቀርቡላችኋል። መድኃኒቱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የእኔዋ በስተቀኝ፣ ፍሬን መርገጫው አጠገብ ማግኔቱን አልያዘችም። ዋጋ ያስቀነስኩት በዚያ ነው።

ወለሏን ያሠራሁት ምናለሽ ተራ ነው፤ ባዶ በርሜል ምድጃ፣ ባልዲና ሣጥን ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር። ቀጥቃጩ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ በስቱኮ ልድፈንልዎት ወይስ ልቁረጠው?»

«ቁረጠው።»

ፊቱ በራ። ስቱኮ ማንም ይለቀልቃል፣ መቁረጥ ግን ሙያ ነው። ከመቁረጡ በፊት የፊትና የኋላ አካሏን በብረት ዘንግ አያይዞ በየደው፤ አለዚያ ወለሉ ሲወጣ ገላዋ ይጣመማል። የወለሉን ልክ በካርቶን አወጣ፣ የበርሜሉን ላሜራ በዚያው ልክ ቆረጠ፣ የወለሉን የተነሱ መስመሮችም በመዶሻ አወጣለት። የፋብሪካው አይመስልም፤ መስመሮቹ ትንሽ ይንሻፈፋሉ። እኔ ከፋብሪካው ይልቅ ይህን ወድጄዋለሁ።

የሞተሩ ነገር መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወሰደኝ። የቬስፓ ፒስቶን ብዬ ስጠይቅ ባለሱቆቹ ይስቁብኛል። በመጨረሻ አንድ መካኒክ «ጋሼ፣ ባጃጅ ብለው ይጠይቁ እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበር። ውሉ ሲያበቃም ያንኑ መልክ ቼታክ ብሎ ቀጠለ። ባለ ሦስት እግሯም ብትሆን ከዚሁ ቤት ናት። የስፕሪንት ሲሊንደር ስፋት 57 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑም ጉዞ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮዋ ባለ ሁለት ምት ባጃጅም ልኳ ይኸው ነው። ሲሊንደሩን ሬቲፊካ አስገብተን አሰፋነው፤ አዲሱን ፒስቶንና ፋሻ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስለክተን ገጠምነው። መለካቱን አትዝለሉ፤ ዘመድ መሆን ማለት መንታ መሆን አይደለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ መንዳት እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ ማርሹን የግራ እጄ አልረሳውም። ያስቸገረኝ ፍሬኑ ነው። የዛሬ መኪና ድንገት ይቆማል፣ የቬስፓ የድሮ ፍሬን ግን ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። ሞተሩም በቀኝ በኩል ስለተንጠለጠለ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ወደዚያው ታዘነብላለች። ሄልሜት አድርጌ ሰው በሌለበት ሜዳ መቆምን ብቻ ደጋግሜ ተለማመድኩ። የሚያዩኝ ልጆች ሽማግሌው መነሳት ያቃተው መስሏቸው ሊገፉልኝ መጡ።

አሁን የቀረኝ ካርቡሬተሩ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ለእኔዋ ለአምስት ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት እቀላቅላለሁ። መካኒኩ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የመረጠው በመርካቶ አየር ነው፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ስለምትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፣ ፒስቶን የሚቃጠለውም እንዲያ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ካንዴላዋን ፈትቼ አያለሁ፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጣ ካለ አንሷል፣ የቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው። ሰሞኑን ነጣ ብላለች። ማክሰኞ ሶማሌ ተራ ሄጄ ቀዳዳው አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አመጣለሁ፤ ባጃጅ ብዬ ነው የምጠይቀው።