ጆሃንስበርግ፡ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሰውን ስለ መቀበል ለምን መሠልጠን ያስፈልጋቸዋል?

በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2008 በጆሃንስበርግ አጥቂዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አስቁመው “ክርን በዙሉኛ ምን ይባላል?” ብለው ይጠይቁ እንደነበር በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። መልሱን ያላወቀ “የውጭ አገር ሰው ነው” ተብሎ ይደበደባል። ከአሌክሳንድራ ተነስቶ ወደ ሌሎች ከተሞች በተዛመተው በዚያ ጥቃት 62 ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ።

በዚህች ከተማ “አንተ ማነህ?” የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ክሊኒክ በር ላይ፣ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ፣ ፖሊስ ፊት ይነሳል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ማንም ሳይከፍል፣ ምንም ሳይገዛ ገብቶ ሊቀመጥ የሚችልበት ቦታ ነው። የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እና ዩኔስኮ በ2022 ያሻሻሉት ማኒፌስቶ አገልግሎቱ በዜግነት፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትም ሆነ በማኅበራዊ ደረጃ ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እንዲሰጥ ይጠይቃል። ሰነዱ በሥራ የሚተረጎመው ግን መግቢያው ላይ በተቀመጠው ሠራተኛ ነው። ሥልጠና ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የጆሃንስበርግ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ራሱ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ዛሬ ቤየርስ ናውዴ በሚባለው አደባባይ የቆመው ሕንፃ በ1935 ተከፈተ፤ ለሁሉም ዘር አንባቢ ክፍት የሆነው ግን በ1974 ነበር። ለ39 ዓመታት የሕንፃው ሠራተኞች ተግባር መጽሐፍ ማዋስ ብቻ ሳይሆን ሰው መምረጥም ነበር ማለት ነው። ደራሲው ፒተር አብረሃምስ በወጣትነቱ የጥቁር አሜሪካውያንን መጻሕፍት ያገኘው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን ለጥቁሮች በተለየው የባንቱ ወንዶች ማኅበራዊ ማዕከል መደርደሪያ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልማድ ሕግ ስለተሻረ ብቻ በአንድ ቀን አይጠፋም።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ያስተምራል? አብዛኛው ነገር ሲሰሙት ተራ ይመስላል። አካል ጉዳተኛ ሲመጣ አጃቢውን ሳይሆን ባለጉዳዩን ማናገር፤ ዓይነ ስውርን ክንዱን ይዞ ከመጎተት በፊት እርዳታ ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ፤ እንግሊዝኛው የተሰባበረን ሰው ድምፅን ከፍ በማድረግ ሳይሆን በአጫጭር ቃላት ማስረዳት፤ ማደሪያ አጥቶ ወንበር ላይ ያንቀላፋን ሰው ሳያዋርዱ መቀስቀስ። ኢፍላ የተለያየ ባህልና ቋንቋ ላላቸው ማኅበረሰቦችም ሆነ መኖሪያ ለሌላቸው ሰዎች ስለሚሰጥ አገልግሎት የየራሱ መመሪያ አለው።

በደቡብ አፍሪካ ሕጉም ሠራተኛው አዲስ ነገር እንዲማር ያስገድዳል። የምልክት ቋንቋ በ2023 የአገሪቱ 12ኛ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ከዚያ በፊት፣ በመስከረም 2022፣ ጆሃንስበርግ የሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ‘ብላይንድ ኤስኤ’ የተባለው የዓይነ ስውራን ድርጅት ባቀረበው ክስ ላይ ወሳኝ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። አንድን መጽሐፍ ወደ ብሬይል ወይም ወደ ድምፅ ለመቀየር የባለመብቱን ፈቃድ የሚጠይቀው የቅጂ መብት ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ይህንን የማያውቅ ሠራተኛ “መጽሐፉ በብሬይል የለም” ብሎ አንባቢውን ሊሸኝ ይችላል፤ የሚያውቅ ግን የሚዘጋጅበትን መንገድ ይፈልጋል። ኢትዮጵያም ተመሳሳይ መብት የሚሰጠውን የማራካሽ ስምምነት በ2020 ተቀላቅላለች።

የበጎ ፈቃደኞቹ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። በ2012 የተጀመረው ‘ናሊባሊ’ የተሰኘው የንባብ ዘመቻ “ፉንዳ መሪዎች” የሚላቸውን ፈቃደኞች እያሠለጠነ በየሰፈሩ የልጆች የንባብ ክበብ እንዲያቋቁሙ ያግዛል። “ፉንዳ” በዙሉኛና በኮሳኛ ማንበብና መማር ማለት ነው። ሥልጠናው ጮክ ብሎ ታሪክ ማንበብንና ልጆች በእናታቸው ቋንቋ እንዲሳተፉ ማድረግን ይጨምራል። በ2021 በተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ጥናት ከደቡብ አፍሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶዎቹ ያነበቡትን መረዳት እንደማይችሉ መታየቱን ላስታወሰ፣ ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ኢትዮጵያውያን “ጄፒ” በሚሏት መንደር ከሚነግዱት መካከል ብዙዎቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ጋር ያለው ርቀት በእግር ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ “ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አማርኛ መጽሐፍ እንስጠው” የሚል ቅን ሠራተኛም ሊሳሳት ይችላል። የሰውየው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ሊሆን ይችላልና። መጠየቅ ከመገመት ይሻላል። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ግን መልካም ዜና አለ፦ መቀመጫው ጆሃንስበርግ የሆነው ‘ሳይዴ’ የጀመረው የአፍሪካ የታሪክ መጻሕፍት ፕሮጀክት አማርኛን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ ቋንቋዎች የልጆች ታሪኮችን በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል። ወላጅ ሊያወርደው፣ ሠራተኛም ሊያትመው ይችላል።

በእርግጥ የሠለጠነ ሠራተኛ በተዘጋ በር ምንም አይሠራም። ዋናው ቤተ መጻሕፍት በ2020 በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ በኋላ ለዓመታት ሳይከፈት ቆይቶ ነዋሪዎች ተቃውሞ አሰምተዋል፤ በከፊል እንኳ የተከፈተው በ2025 ነው።

በሩ ሲከፈት የሚጠብቀው ሌላው ጉዳይ የአባልነት ቅጹ ነው። ገብቶ ለማንበብ አባልነት ባያስፈልግም፣ መጽሐፍ ለመዋስ መታወቂያና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል። ሱቁ ውስጥ የሚያድርና በስሙ የውኃ ወይም የመብራት ደረሰኝ የማይመጣለት ጥገኝነት ጠያቂ ምን ያቅርብ? የትኛው ሰነድ እንደሚበቃ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚቻል፣ ካርዱ እስኪወጣ ሰውየው ተቀምጦ የሚያነብበት ወንበር የት እንዳለ ማሳወቅ የዚያ ቀን ተረኛ ሠራተኛ ሥራ ነው።