ያውቁ ኖሯል? ፖሊሲ የሚማር ሰው አቃቂ ቃሊቲ ምን ያያል?

የመንግሥት ፖሊሲና አስተዳደርን በሁለተኛ ዲግሪ ከሚያስተምሩ ተቋሞቻችን መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ሲኤምሲ ይገኛል። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ነው። የዛሬው ዓምድ ሁለቱን አብሮ ያነሣል፤ እዚያ በክፍል ውስጥ የሚነገረው እዚህ መሬት ላይ ይገኛልና።

ያውቁ ኖሯል? ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ኮሌጅ ነበር። የፌዴራል ሥርዓቱ ገና እየተተከለ ነው፤ ክልሎች ቢሮ ከፍተዋል፤ ሕግ የሚያውቅና በጀት የሚይዝ ሰው ግን በእጅጉ ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ቀድመው ተከፈቱ። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከየክልሉ መሥሪያ ቤት የተላኩ ሠራተኞች ነበሩ።

የመንግሥት ሠራተኛን የማሠልጠን ሐሳብ ራሱ ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የሕዝብ አስተዳደር ማሠልጠኛ ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር፣ ደረጃና ዕድገት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ1954 ዓ.ም. አካባቢ መጣ።

ያውቁ ኖሯል? «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘ የአማርኛ መጽሐፍ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው! ጸሐፊው ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ መጽሐፉን ታትሞ አላየውም፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ አርፏል። አድዋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ እዚያው ተምሮ ተመለሰ። በኋላም ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ኃላፊ ሆነ። እኔን ደጋግሞ የሚያስገርመኝ ይህ ሹመቱ ነው። ሀገር ጥሬ ዕቃ እየሸጠች የተሠራ ዕቃ እየገዛች ብትኖር ወዴት እንደምታመራ ሲጽፍ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በሥራው ያውቀው ነበር። በመጽሐፉ ያለው የኢኮኖሚ ትንታኔ ከጉምሩክ በር የተነሣ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በአሜሪካ በዘርፉ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ፣ የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የማክስዌል ትምህርት ቤት፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1924 መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የነጋድራስ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት በወጣበት ጊዜ ማለት ነው። ዛሬ በኬኔዲ ስም የሚጠራው የሃርቫርዱ ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ተከተለ። ስለዚህ «ይህ ትምህርት ከውጭ የመጣብን ነው» ለሚል ሰው የ1916ቱን መጽሐፍ ማሳየት ይበቃል።

ነጋድራስ በሥራው በቅርብ ያውቀው የነበረው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን አልፎ ነው የገባው። ዛሬ ደግሞ የብዙ ዕቃ አስመጪ መንገድ ቃሊቲ ጉምሩክ ያደርሰዋል። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የታክስና ጉምሩክ አስተዳደር ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው በቀለበት መንገድ ወርዶ፣ ቃሊቲ በር ላይ የቆሙትን የጭነት መኪኖች፣ ዲክላራሲዮን ይዘው የሚሮጡትን ትራንዚተሮች አንድ ሙሉ ቀን ቢመለከት፣ የታሪፍ መጽሐፉ ስንት ሰው እንደሚነካ ይገባዋል።

ፈረንሳይን ያስተዳደሩ ባለሥልጣናትን ለአሥርት ዓመታት ያፈራው ኤና የተባለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1945 ተከፍቶ በ2021 መጨረሻ መዘጋቱንስ? ከሚቀርብበት ወቀሳ ዋነኛው ተመራቂዎቹ ከተራው ሕዝብ ኑሮ ርቀዋል የሚል ነበር። ቦታውን ሌላ ተቋም ተረክቦታል።

እኛ ዘንድ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገድድ ጀመር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964 ነው። አብዛኞቹ በመምህርነት ነበር የዘመቱት። ይህ አሠራር በፖሊሲ ትምህርት ቤቶቻችን ቢመለስ ከልቤ እደግፋለሁ፤ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ አቃቂ ቃሊቲ አለ።

እዚያ የሚጠብቃቸውን በፍጥነት እንየው።

ያውቁ ኖሯል? የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው አቃቂ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጣልያን ወረራ በደጅ ሳለ፣ ለዓለም የተናገሩት በአቃቂው ጣቢያ ነው።

የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በህንድ ባለሀብቶች ሽርክና ተቋቁሞ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት መሆኑንስ? ስለ ግልና ስለ መንግሥት ይዞታ የሚከራከር ተማሪ ከዚህ ፋብሪካ ጡረተኞች ጋር ቡና ቢጠጣ ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጥ ይማራል።

አቃቂ ራሱን የቻለ ከተማ እንደነበርስ? ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ የምንለው ክፍለ ከተማ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትደራጅ የተወለደ ነው።

የሀገሪቱ የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ ከምኒልክ አደባባይ የሚመጣው የቀላል ባቡር መስመርም ማብቂያው ቃሊቲ ነው።

የቱሉ ዲምቱና የገላን ኮንዶሚኒየሞችስ? 20/80 ማለት ነዋሪው ሃያ በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን ከባንክ የሚበደርበት ነው። በዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች ተይዞ ነበር። እንግዲህ የሲቪል ሰርቪስ ፖሊሲ ቤተሰብ ይዞ ወደ ደቡብ ሲገሰግስ ማለት ይህ ነው። ቤቱ ተገኘ፤ ጠዋት ፒያሳ ቢሮ ለመግባት ግን ገና ሳይነጋ ታክሲ መሰለፍ መጣ። ቤቱን የሠራውና መጓጓዣውን የሚያቅደው አካል ለየብቻ ሲያስቡ ክፍተቱን የሚሞላው ያ ሰልፈኛ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከእነ ገፈርሳና ለገዳዲ ግድቦች ብቻ አይመጣም፤ በአቃቂ ከርሰ ምድር የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የከተማዋን ጥም ከሚያረኩት ዋነኞቹ ናቸው። ንጹሑ ውኃ ከደቡብ ወደ ላይ ይገፋል፤ የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ ቁልቁል ወደ ደቡብ ይመለሳል። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተያያዘው ቤትና ፋብሪካ ግን አሁንም ብዙ ነው፤ የእሱ ቆሻሻ ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ወርደው፣ ከተማዋን አቋርጠው፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሐይቁን ግን እንቦጭና የከተማ ቆሻሻ ተጫጭነውታል።

የወንዙ ባለቤት ማን ነው? ከላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር፣ ከታች ኦሮሚያ፣ በተፋሰሱ በኩል የአዋሽ ተፋሰስ መሥሪያ ቤት፣ በብክለቱ በኩል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ በማመንጫው በኩል ኤሌክትሪክ ኃይል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ድርሻ አለው። የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ቢሆን፣ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ የማስተባበር ችግር ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ ርዕስ ሊሰጡት አይችሉም። በዚህ ውኃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች በወንዙ ዳር አሉ። አትክልቱ ላይ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ገበሬው ሌላ ውኃ የለውም፤ ያመረተውም ተጭኖ የሚመለሰው እዚያው ወንዙን ወዳቆሸሸችው ከተማ ገበያ ነው።