ለአዲስ ተመራቂዎች፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ሲባል

በሰው ኃይል ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ቃለ መጠይቅ ላይ «ስንት ትጠብቃለህ?» ስንል፣ ብዙ ተመራቂ «እናንተ እንደምትከፍሉት» ይላል። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ! ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ ያልተጣራ ይሁን የተጣራም ለይታችሁ ተናገሩ።

ባልተጣራ 10,000 ብር ብትቀጠሩ፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት 1,650 ብር ግብር ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 7,650 ብር ብቻ ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ግን ከኪሱ እንጂ ከደመወዛችሁ አይወጣም፤ ተቆርጦ ካያችሁ ጠይቁ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዙ በስኬል ስለሚወሰን ብዙ ድርድር የለም። የግል ድርጅት «ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን» ካላችሁ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥምና የጭማሪው መጠን ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።