መዥገር ጆሮ ውስጥ ሲገባ

በረሮ ጆሮ ውስጥ ቢገባ ይርመሰመሳል፣ ያሳብዳል፤ ግን መግባቱ ወዲያው ይታወቃል። መዥገር እንዲህ አይደለም። ምራቁ ስለሚያደነዝዝ ሲነክስ አይሰማም። ብዙ ሰው የሚነቃው ከቀናት በኋላ ጆሮው ሲደፈን፣ ጭው ሲልበት ወይም ሲጠዘጥዘው ነው።

አፉ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ስላሉት እንደ ዓሣ መንጠቆ ነው፤ ሲገባ ቀላል፣ ሲወጣ ግን እሾሁ ይይዛል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዚያ ላይ የሚደርቅ ሙጫ ይጨምሩበታል። ክንድ ላይ ቢሆን በወረንጦ ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል። የጆሮ ቦይ ግን በአዋቂ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ውስጠኛው ክፍሏ ላይ ያለው ስስ ቆዳ አጥንት ላይ የተለጠፈ በመሆኑ ሲነካ ሕመሙ አይጣል ነው። መዥገሩ የጆሮ ታምቡር ላይ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ መጎተት ታምቡሩን ሊቀድ ይችላል።

ዘይት ጠብ ማድረግስ? በረሮን ቶሎ ያፍነዋል። መዥገር ግን ሲያርፍ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚተነፍስ ዘይት ውስጥም ብዙ ይቆያል። ታምቡሩ የተበሳ ከሆነማ ዘይቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

በስሪላንካ የጆሮ መዥገር ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዱር አሳማ ላይ የሚያድግ ዝርያ ነው፤ ያውም ገና ያልጎለመሰው፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግረው። በብዛት የሚያጠቃውም ሕፃናትን ነው።

አብዛኛው ሰው ሲወጣለት ይድናል። አንዳንዱ ጆሮው ይደማል፣ ይመግላል። አልፎ አልፎ ግን ፊት በአንድ በኩል ይጣመማል፤ የፊት ነርቭ በመካከለኛው ጆሮ አጠገብ በቀጭን የአጥንት ቦይ ያልፋልና። የአንዳንድ ዝርያዎች ምራቅ ደግሞ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ሰውነትን ያዝላል፤ ትንፋሽ ጋ ከደረሰ ይገድላል።

ስለዚህ ክብሪት እንጨትም ሆነ የፀጉር ሽቦ አታስገቡ። የአንገት በላይ ሐኪም ጆሮውን አደንዝዞ፣ በማጉያ እያየ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ፣ መዥገር ነክሶኝ ነበር ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ፊቱ የተጣመመ ልጅም «ብርድ መታው» ተብሎ ከመታሸቱ በፊት ጆሮው ይታይለት።