ማውስ ወይስ ጆይስቲክ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ በኮምፒውተር ክፍላችን ብዙ ክርክር ስላስነሳው የበረራ መለማመጃ ፕሮግራም ነው። ስሙ ፍላይትጊር ይባላል። በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ተማሪዎቻችን ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ያበሩበታል። ችግሩ ያለን ጆይስቲክ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሌላው ሁሉ በማውስ ነው።

አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎችን አወዳደርኩ። ጆይስቲክ የደረሰው ልጅ ቀጥ ብሎ በረረ። ማውስ የደረሳት ልጅ ግን ገና ከመነሳቷ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ዘሞባት ተከሰከሰ። እኔም በሰው ፊት «አንቺ ትቸኩያለሽ፣ ይህ ላንቺ አይሆንም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ከክፍል ቀረች። በኋላ እኔው ራሴ በማውስ ብሞክረው ሦስት ጊዜ ተከሰከስኩ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ጆይስቲክ ውስጡ ሞላ አለው። ስንለቀው ራሱ ወደ መሐል ይመለሳል፤ ምን ያህል እንደገፋነውም እጃችን ይሰማዋል። ማውስ ግን ጠረጴዛ ላይ መሐል የለውም። ወደ ግራ ገፋ አድርገን ብናቆመው፣ ክንፉ ላይ ያለው መሪ እንደተጣመመ ይቀራል፤ አውሮፕላኑም መዝመሙን ይቀጥላል። ማውሱ ቆመ ማለት አውሮፕላኑ መዝመሙን አቆመ ማለት አይደለም! ፋይል ስንከፍት የለመድነው ግን ማውሱን ባቆምንበት ቦታ ሁሉ ነገር እንዲቆም ነው። እጃችንን የሚያሳስተው ይሄ ልማድ ነው።

እንግዲህ በማውስ ለምትለማመዱ፦

1. ታብ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ቀስቱ ወደ መስቀል ምልክት ሲለወጥ ማውሱ መሪ ሆኗል ማለት ነው።

2. ማውሱን በጣም ትንሽ ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ወዲያው ደግሞ ወደነበረበት መልሱት። ወደ እናንተ ስትስቡት አፍንጫው ይነሳል፣ ስትገፉት ይወርዳል።

3. መሐሉ ከጠፋባችሁ 5 ቁጥርን ተጫኑ፤ መሪዎቹ ሁሉ ወደ መሐል ይመለሳሉ።

4. የሞተሩን ኃይል ለመጨመር ፔጅ አፕ፣ ለመቀነስ ፔጅ ዳውን ነው።

5. ዓይናችሁን ከማውሱ አንሱና ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ።

እውነቱን ለመናገር ጆይስቲክ ለትክክለኛው በረራ ይቀርባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 መረከብ የጀመረው ኤርባስ ኤ350፣ አብራሪው በጎኑ ባለች አጭር ዘንግ ነው የሚበረው፤ እሷም ስትለቀቅ ወደ መሐል ትመለሳለች። ቢሆንም በጥቂቱ ነክቶ መመለስን ማውስም ያስተምራል። እንዲያውም በማውስ የተማረ ሰው ጆይስቲክ ሲያገኝ ቶሎ ይለምደዋል።

ልጅቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። አሁን ተመልሳለች፤ በማውስ ተነስታ ዞራ ታርፋለች። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎችን ስናወዳድር መሣሪያውን እናፈራርቅ። ለአንዱ ጆይስቲክ ለሌላው ማውስ ሰጥተን ውጤት ብንሞላ፣ የመዘንነው መሣሪያውን እንጂ ልጁን አይደለም።